ለቀላል ስዊምቤት የሚሆን የአሳ ማጥመጃ ዘንግ በትንሽ ገንዘብ፦ መጀመሪያ ግራሙን እወቅ

ወንድሜ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሌላውም ሰው እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ሀዋሳ ነው የምትኖረው፣ ታላቅ ወንድምህ ከውጪ ሲመጣ 9 እና 10 ሴንቲ የሚሆኑ ጅራታቸው የሚወዛወዝ፣ አሳ የሚጠመድባቸው የጎማ አሳዎች፣ ስዊምቤት የሚባሉትን ማለት ነው፣ አምጥቶልሃል፣ ያለህ ዘንግ ግን ያ እንደ ሬዲዮ አንቴና ተስቦ የሚወጣው 3.60 ሜትሩ ወፍራም ዘንግ ነው፣ ላዩ ላይ 40–80 ግራም ይላል፣ ክሩ ደሞ 0.50 ሚሊ ናይሎን። በሱ ስትወረውር 10 ሜትር እንኳን ሳይሄድ እዚሁ ፊትህ ይወድቃል። 12 ሺህ ብር አለኝ፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፣ ጫሞ ሀይቅም እሄዳለሁ፣ ምን ላስመጣ ነው ያልከው።

እኔ ዘንግ መጠገን ከጀመርኩ 10 አመት አልፎኛል፣ እዚሁ ሀይቁ ዳር ነው ውዬ የማድረው፣ ስለዚህ ያየሁትን ነው የምነግርህ። መልሱን አስቀድሜ ልስጥህና ከዛ ለምን እንደሆነ እናውራ። 2.10 ወይ 2.40 ሜትር የሆነ፣ ስፒኒንግ፣ ማለትም ክር መጠቅለያው ሪል ከስሩ የሚንጠለጠልበት፣ ሁለት ወይ አራት ቦታ የሚገጣጠም፣ ላዩ ላይ 7–28 ግራም የተጻፈበት ሚዲየም ዘንግ አስመጣ። የሪሉ መጠን ቁጥር 2500 ወይ 3000 ይሁን። ከሁሉም በላይ ደሞ ብሩን በሙሉ ዘንጉ ላይ አትጨርሰው፣ ለክር አስቀር።

አሁን ለምን የሚለውን። ልጅ ሆነን ወፍ የምናባርርበት ላስቲክ ትዝ ይልሃል አይደል? ላስቲኩ በጣም ወፍራም ከሆነ በልጅ ጉልበት አይሳብም፣ ካልተሳበ ደሞ ድንጋዩ አይሄድም፣ ላስቲኩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ድንጋዩ ሩቅ አይሄድም ማለት ነው። ዘንግም ልክ እንደዛ ነው። ወደኋላ ስትመልሰው ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ ወደፊት ስታመጣው የጎበጠው ሲቃና ነው ስዊምቤቱን ወርውሮ የሚልከው እንጂ ያንተ ክንድ ብቻ አይደለም። ያንተ ዘንግ 40–80 ግራም ነው የሚለው፣ ስዊምቤትህ ደሞ ከነእርሳሱ 18 ወይ 20 ግራም ቢሆን ነው፣ ታዲያ ምኑን ያጎብጠው? ዱላ ላይ ክር አስረህ እንደመወርወር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ችግሩ አንተ መወርወር አለመቻልህ አይደለም፣ እሱን ከጭንቅላትህ አውጣ።

ለዛ ነው መጀመሪያ ግራሙን እወቅ የምለው። ሰው ዘንግ ሊገዛ ሲሄድ ቁመቱን ይጠይቃል፣ ካርቦን ነው ወይ ይላል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ የሚወረውረውን ነገር ክብደት ግን አያውቅም። እባክህ ዛሬውኑ ስዊምቤቶችህን ይዘህ የምታውቀው ወርቅ ቤት ሂድና አስመዝናቸው፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ስታስመዝን ግን ጎማውን ብቻ እንዳይሆን፣ መንጠቆ ያለበትን የእርሳስ ጭንቅላት፣ ጂግ የሚሉትን፣ ገጥመህ አንድ ላይ ነው የሚመዘነው። 10 ሴንቲ ጎማ ብቻውን ከ8 እስከ 12 ግራም ገደማ ነው፣ የ10 ግራም ጂግ ስትጨምርበት ወደ 20 ይጠጋል፣ ብዙ ሰው ጂጉ ላይ 10 ግራም የሚል ስላየ 10 ግራም የምወረውር ይመስለዋል፣ ከዛ በጣም ቀጭን ዘንግ ገዝቶ ይመጣል፣ እሱም ሌላ ጥፋት ነው፣ ቀጭኑ ዘንግ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ጎብጦ ይቀራል፣ አይመልስም፣ አንዳንዴም እየወረወርክ እያለ ቀጭ ይላል።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ቀላል ነው። ከእጀታው ከፍ ብሎ ሁለት መስመር ቁጥር አለ፣ አንዱ የክሩን ጥንካሬ ነው የሚነግርህ፣ አንዱ የሚወረወረውን ክብደት። ክብደቱ በግራም ካልሆነ በአውንስ ነው የሚሆነው፣ 1 አውንስ 28 ግራም ነው፣ ግማሹ 14፣ ሩቡ 7። ስለዚህ ከሩብ እስከ 1 አውንስ የሚል ካየህ ያው 7–28 ግራም ማለት ነው። የምትወረውረው ነገር ከዚህ መሃል ላይ ወይም ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢውል ነው ዘንጉ ደስ ብሎት የሚሰራው፣ ያንተ 18–20 ግራም 7–28 ላይ ልክ እዛ ጋ ነው የሚያርፈው። ወንድምህ ሌላ ጊዜ 7 ሴንቲውን ትንሹን ቢያመጣልህም በ7 ግራም ጂግ እዚሁ ዘንግ ላይ ይሄድልሃል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ 5–100 ግራም የሚል ዘንግ ካየህ እለፈው። 5 ግራም የሚያጎብጠው ጫፍ 100 ግራም አይችልም፣ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዘንጉን ለክቶት አያውቅም ማለት ነው።

ሚዲየም ምናምን የሚለው የዘንጉ ጉልበት ነው፣ ፋስት የሚለው ደሞ የት ጋ እንደሚጎብጥ ነው፣ ሁለቱ ይምታታሉ። ፋስት ከሆነ ከላይ ሲሶው ብቻ ይጎብጣል፣ ሞደሬት ከሆነ እስከ ግማሹ ይወርዳል። ያንተ ስዊምቤቶች አንድ ወፍራም መንጠቆ ነው ያላቸው፣ አሳው ሲነክስ መንጠቆውን አፉ ውስጥ በደንብ መትከል አለብህ፣ ስለዚህ ፋስት ወይም ከፋስት ትንሽ ለስለስ ያለ ይሻልሃል። ሶስት ጫፍ ያለው መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው ደረቅ ፕላስቲክ አሳዎች ቢሆኑ ኖሮ ሞደሬት እልህ ነበር፣ ትንንሽ መንጠቆ በጠንካራ ዘንግ ስትጎትተው ስጋውን ቀዶ ይወጣል።

ቁመት ላይ ብዙ አልቆይም። ከዳር ቆመህ የምትወረውር ከሆነ 2.40፣ ጀልባ ላይ ከሆንክ 2.10። 3.60 ሜትር ቀኑን ሙሉ ይዘህ በየደቂቃው ስትወረውር ትከሻህ ነው የሚያልቀው፣ ስዊምቤት ደሞ መሬት ላይ ተክለህ የምትጠብቀው ነገር አይደለም፣ ሁሌ እጅህ ላይ ነው።

ስለ ካርቦን ግን ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። 99% ካርቦን የሚል ጽሁፍ ዘንግን ጥሩ አያደርገውም። ካርቦን ቀላልና ስሜት የሚያስተላልፍ ነው፣ አሳው ጅራቱን ነካ ሲያደርግ እጅህ ላይ ይሰማሃል፣ ግን ሲመታ ይሰበራል፣ በተለይ በጣም ጠንካራ የሚባለው አይነት። ፋይበርግላስ ደሞ ከበድ ይላል፣ ይለዝባል፣ ግን ቢረገጥም ቶሎ አይሰበርም። በጀቱ ለጠበበ ሰው እኔ የማምነው ሁለቱ የተቀላቀሉበትን ወይ 24 ቶን የሚባለውን መካከለኛ ካርቦን ነው። አግሊ ስቲክ የሚባለው ለምሳሌ ቅልቅል ነው፣ ከበድ ይላል እንጂ ጠንካራ ነው፣ ዘመድህ ባለህ ብር ካገኘው ሳትፈራ ውሰድ። እኛ አገር ዘንግ የሚሰበረው አሳ ሲጎትት አይደለም ኮ፣ ባጃጅ ላይ ሲጫን ነው፣ ጀልባ ውስጥ ሲረገጥ ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ ዘንጎች ብዙዎቹ ጫፋቸው ተቀጥፎ ነው የሚመጡት፣ ሲጠየቅ ባጃጅ ውስጥ ነው የሚለኝ ባለቤቱ። የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ከትተህ ብትይዘው ይሄ ሁሉ አይመጣም።

አንቴናውን አይነት ድጋሚ እንዳትገዛ። ለጉዞ ይመቻል ብለው ይሸጡታል፣ እውነት ነው ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ግን ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ስለሆነ የሚቀመጡት ቁጥራቸው ያንሳል፣ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ ከዘንጉ ጋር አብሮ አይጎብጥም፣ በየመገጣጠሚያው ደሞ ድርቅ ይላል። ዘመድህ በሻንጣ የሚያመጣው ከሆነ አራት ቦታ የሚገጣጠም የጉዞ ዘንግ አለ፣ 2.10 ሜትሩ ሲፈታ ከ60 ሴንቲ ብዙ አይበልጥም፣ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሃል ይገባል። ሁለት ቦታ የሚገጣጠመው ከአንድ ሜትር በላይ ስለሆነ ለብቻው ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ አየር መንገዱ ያስከፍል እንደሆነ ቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ቀለበቶቹ ጋ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ልቤ ስለተነካ ትንሽ ታገሰኝ። ከአመታት በፊት ርካሽ ዘንግ ገዝቼ፣ ሳላየው ብሬድ የሚባለውን የተጎነጎነ ቀጭን ክር ጠመጠምኩበት። ሶስተኛው ቀለበት ውስጥ ያለው ሴራሚክ በአይን የማይታይ ስንጥቅ ነበረው። ከቀን ወደ ቀን ክሬን እየላጨው ነበር፣ አላወቅኩም። አንድ ቀን ማታ 12 ሰዓት አካባቢ በጣም ትልቅ አምባዛ ያዝኩ፣ 20 ደቂቃ ታግዬ ዳር አድርሼው፣ ጭንቅላቱን አይቼው፣ ጡብ አለ ክሩ። ጎማውንና መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ ሄደ። አሳው ስላመለጠኝ አይደለም እስካሁን የሚቆጨኝ፣ ያንን መንጠቆ ይዞ መሄዱ ነው። ስለዚህ ዘንግ ስትገዛ ትንሽ ጥጥ ያዝና በየቀለበቱ ውስጥ ዙሪያውን አሽከርክር፣ ጥጡ ከተያዘ ስንጥቅ አለ፣ አትግዛው። ከዛ በእጀታው በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ እይ፣ ቀለበቶቹ አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ቁጥራቸውም ለ2.10 ሜትር የጫፉን ሳይጨምር ቢያንስ 7 ቢሆን ጥሩ ነው፣ 5 ከሆነ ቆጥበውበታል።

ዘመድህ ሱቅ ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ቢደውልልህ እንዲህ አስደርገው፦ ክር በቀለበቶቹ አሳልፎ ጫፉ ላይ 20 ግራም የሚሆን ነገር ያንጠልጥል፣ ዘንጉን አግድም ይያዝ። ጫፉ አጎንብሶ የቀረው ቀጥ ካለ ይሄ ያንተ ዘንግ ነው። ጫፉ ምንም ካልተነቃነቀ ይደርቅብሃል፣ ዘንጉ እስከ ግማሹ ከወረደ ይላላብሃል። ሻጩ ጫፉን ኮርኒስ ላይ ተጭኖ ሊያሳየው ከፈለገ እንዳይፈቅድለት፣ ዘንግ እንደዛ አይፈተንም፣ እንደዛ ነው የሚሰነጠቀው።

ሪሉ ላይ፣ ቤይትካስተር አያምርህ። ያ ከላይ የሚቀመጠው ክብ ሪል በቪዲዮ ሲያዩት ያጓጓል፣ ግን ርካሹ ቤይትካስተር በቀላል ነገር ላይ ክሩን እንደ ወፍ ጎጆ ነው የሚያደርገው፣ ለሱ በቂ ገንዘብ ስታገኝ ትደርስበታለህ። ስፒኒንግ 2500 ወይ 3000 በቂ ነው፣ ሺማኖም ዳይዋም ኦኩማም ርካሽ የሚባሉትን ይሰራሉ፣ የሚያገለግሉ ናቸው። ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ስንት ነው የሚለውን ተወው፣ ርካሽ ሪል ላይ 13 ኩሽኔታ ከሚጽፍልህ 4 ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ይበልጣል። የምታየው ድራጉን፣ አሳው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀውን ፍሬን ነው፣ ክሩን በእጅህ ቀስ ብለህ ስትጎትተው ሳይንተከተክ ለስለስ ብሎ መልቀቅ አለበት። ዘንጉ ላይ ገጥመህ ከሪሉ ትንሽ ወደፊት በአንድ ጣትህ ብትደግፈው ሚዛኑን ጠብቆ ከቆመ እጅህን አያደክምህም።

ክሩ ጋ ደረስን፣ እውነቱን ለመናገር ከዘንጉ እኩል የሚያስፈልግህ እሱ ነው። 0.50 ናይሎን ለ20 ግራም ገመድ ነው። ወፍራም ስለሆነ ቀለበቱን እየታከከ ይወጣል፣ ሪሉ ላይ የተጠመጠመበትን ቅርጽ ይይዝና እንደ ስፕሪንግ ይዘላል፣ ንፋስም ይይዘዋል። በሱ ፈንታ 1.0 ቁጥር ብሬድ፣ ውፍረቱ 0.16 ሚሊ ገደማ ነው፣ 8 ኪሎ አካባቢ ይይዛል፣ እሱን ብታደርግ ልዩነቱን በመጀመሪያው ውርወራ ታየዋለህ። 150 ሜትር ግዛ፣ ከስሩ ትንሽ ናይሎን ጠምጥም፣ ብሬድ ባዶ ብረት ላይ ከተጠመጠመ ስለሚንሸራተት ነው፣ ከዛ ከጠርዙ 2 ሚሊ እስኪቀረው ሙላው። ጎደሎ ሪል ሩቅ አይወረውርም፣ ሞልቶ የፈሰሰውም ይጠላለፋል። ጫፉ ላይ 0.40 ፍሎሮካርቦን ወይ ጥሩ ናይሎን አንድ ሜትር ያህል ቀጥልበት፣ ሊደር የሚሉት እሱን ነው፣ ድንጋይና ደንገል ሲነካ ብሬድ ቶሎ ስለሚበጠስ። ድራጉን ከክሩ አቅም ሩብ ላይ ነው የምታስረው፣ 8 ኪሎ ክር ከሆነ 2 ኪሎ፣ በሻንጣ ሚዛን ለክተህ።

12 ሺህህን እንዴት ልከፋፍል ካልክ፣ እኔ ብሆን ዘንጉ ላይ 5 ሺህ፣ ሪሉ ላይ 4 ሺህ፣ የቀረው 3 ሺህ ለክር፣ ለሊደርና ለተጨማሪ ጂጎች ነው የማደርገው። ሰው 10 ሺህ ዘንግ ላይ አውጥቶ በተረፈው የመርካቶ ናይሎን ሲጠመጥም ሳይ ያሳዝነኛል። ብሩ ካልበቃህ ደሞ ያለህን ሪል አትናቀው፣ ቁጥሩ 4000 ከሆነ ከበድ ይላል እንጂ ለጊዜው ይሰራል፣ ዘንጉንና ክሩን ብቻ ግዛ። 5000 ወይ 6000 ከሆነ ግን ተወው፣ ለዚህ ዘንግ ይከብዳል።

እዚህ ሀዋሳ ምን ትይዝበታለህ የሚለውን አልጠየቅከኝም ግን መናገር አለብኝ፣ አለበለዚያ ዘንጉ መጥፎ ነው ብለህ ታስባለህ። ሀይቃችን ላይ በብዛት ያለው ቆሮሶ ነው፣ ቆሮሶ ደሞ ዋና ምግቡ ውሃው ላይ ያለው አልጌ ነው፣ 10 ሴንቲ የጎማ አሳ አያሳድድልህም። በዚህ ዘንግ የምትፈልገው አምባዛና ቢልጫ ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ ትንንሽ ቆሮሶም ይበላል፣ በተለይ ሲመሻሽና ጠዋት ገና ሲነጋ ወደ ዳር ወደ ደንገሉ ይጠጋል። ቀስ አድርገህ ከስር ከስር ጎትት፣ ጅራቱ መወዛወዙ እጅህ ላይ እስኪሰማህ ብቻ፣ ከዛ በላይ አትፍጠን። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሀይቁ ጸጥ ሲል ነው ቀላል ነገር የሚወረወረው፣ ከሰዓት ንፋሱ ከተነሳ በ20 ግራም ፊት ለፊት አትታገለው፣ ንፋሱን ከጀርባህ የምታደርግበት ቦታ ፈልግ።

ጫሞ እሄዳለሁ ያልከው ነገር ግን ለብቻው ነው። እዛ ነጭ አሳ አለ፣ ናይል ፐርች የሚሉት፣ ከሰው የሚከብድ ድረስ የሚያድግ አሳ ነው፣ ለሱ 7–28 ግራም ዘንግ ይዘህ ብትሄድ ዘንጉንም ትሰብረዋለህ፣ አሳውንም ታደክመዋለህ፣ አፉ እንደ ሞረድ ስለሆነና የጉንጩ ክዳን ስለታም ስለሆነ ቀጭን ሊደር አይችለውም። ነብር አሳ የሚባለው ጥርሳሙም አለ፣ ለሱ ከስዊምቤቱ በፊት የብረት ሽቦ ካላደረግክ ክርህን ቆርጦ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለጫሞ የሚሆን ዘንግ ሌላ ጊዜ፣ ይሄኛው የሀዋሳ ዘንግህ ይሁን፣ ሁለቱንም አንድ ዘንግ ላይ ለማድረግ የሞከረ ሰው ለሁለቱም የማይሆን ነው የሚገዛው።

ደሞ እባክህ፣ ሩቅ ልወርውር ብለህ እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ አትግባ። አንደኛ ጉማሬ አለ፣ የሚወጣው ደሞ አንተ አምባዛ በምትፈልግበት ሰዓት ነው፣ ሁለተኛ በሀዋሳ ሀይቅ ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። የተበጠሰ ክርና የተቀደደ ጎማ ዳር ላይ አትጣል፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያው ጋ ያሉትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ታውቃቸዋለህ፣ ያገኙትን ሁሉ ነው የሚውጡት፣ እግሩ ላይ ናይሎን የተጠመጠመበት አባ ኮዳ ሁለት ጊዜ ይዤ ፈትቻለሁ፣ እግሩ ቆስሎ ነበር።

በል ስዊምቤቶቹን አስመዝንና ግራሙን ጻፍልኝ፣ ያለህ ሪል ላይ የተጻፈውን ቁጥርም። ዘመድህ ሱቅ ሲገባ ደሞ ከመክፈሉ በፊት ዘንጉ ላይ ያሉትን ሁለት መስመር ቁጥሮችና ጫፉን ቀረብ አድርጎ ፎቶ ያንሳና ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።